ካውንስሉ በኑሮ ውድነት ጊዜ ምን ያደርግልኛል? በእንግሊዝ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። ሥራዬ ደብዳቤ ማንበብ ነው። ሰው ፖስታውን ይዞ ይመጣል፣ አነብለታለሁ፣ መልሱን አብረን እንጽፋለን። በኦክቶበር 2022 የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደርሶ በ41 ዓመት ውስጥ ያልታየ ከፍታ ከያዘ ወዲህ ወረፋው ረዝሟል። ንረቱ ረገብ ሲልም አላጠረም፤ ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ እንጂ ዋጋው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። የሚመጡት ጥያቄዎች ግን ያው ናቸው፤ አንድ ላይ የጻፍኳቸውም ለዚህ ነው። የተጻፈው ስለ እንግሊዝ ነው፤ ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት አመልክቻለሁ። ካውንስሉ አያውቅም እንዴ?

ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅም እርስዎን ወክሎ አያመለክትም። ዩኒቨርሳል ክሬዲትን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን ወርሃዊ ድጎማ) የሚከፍለው የማዕከላዊው መንግሥት የሥራና ጡረታ ሚኒስቴር ነው። ካውንስል ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ነው። የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ደንብ አለው። «ለመንግሥት ተናግሬያለሁ» ብለው የሚቀመጡ ሰዎች በየሳምንቱ ያጋጥሙኛል። የተናገሩት ግን ለአንዱ በር ብቻ ነው፤ ሌላው በር አልተንኳኳም።

ለንደን ውስጥ ወይም በትልልቆቹ ከተሞች ከሆኑ ካውንስልዎ አንድ ነው። በብዙ የገጠር አውራጃዎች ግን ሁለት አሉ። ዲስትሪክት የሚባለው የካውንስል ታክስን (በየቤቱ ላይ የሚጣለውን የአካባቢ ግብር) ይሰበስባል፣ የቤት ጉዳይንም ይይዛል። ካውንቲ የሚባለው የልጆችንና የአረጋውያንን ጉዳይ ይመለከታል፤ የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብም ከማዕከል የሚወርደው ለእሱ ነው። የትኛው የእርስዎ እንደሆነ ለማወቅ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ የፖስታ ኮድዎን ማስገባት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ምን ልጠይቅ?

የካውንስል ታክስ ቅነሳ። አብዛኛው ሰው ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጣ የሚጠይቀው የምግብ ቫውቸር ነው። ቫውቸር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ያልቃል፤ የታክስ ቅነሳ ግን ሁኔታዎ እስካልተለወጠ ድረስ ከዓመት ዓመት ይቀጥላል። እንደ እኔ እምነት ካውንስል ከሚሰጠው ሁሉ ከፍተኛው ገንዘብ ይኸው ነው፤ እርዳታ ስለማይመስል ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በእጅ የሚቀበሉት ነገር የለም። ሒሳቡ ብቻ ያንሳል።

እስከ 2013 ድረስ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት የካውንስል ታክስ ድጎማ ነበር። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ያ ድጎማ ቀረና እያንዳንዱ ካውንስል ለሥራ ዕድሜ ላሉ ነዋሪዎቹ የራሱን ደንብ እንዲያወጣ ተደረገ። ስለዚህ አንዱ ካውንስል ገቢው ዝቅተኛ የሆነን ሰው ሙሉ በሙሉ ነጻ ሲያደርግ፣ ጎረቤቱ ካውንስል የተወሰነውን ድርሻ ማንም ሰው ይክፈል ይላል። ለጡረተኞች ግን ደንቡ አሁንም አገራዊ ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አረጋውያን ምንም ላይከፍሉ ይችላሉ። እናትዎ ወይም አባትዎ ጡረታ ከወጡና ሙሉውን እየከፈሉ ከሆነ ዛሬውኑ ያሳስቧቸው። ጡረተኛ ቀድሞ ማመልከት ይችል እንደነበር ከተረጋገጠ ቅነሳው እስከ 3 ወር ወደኋላ ይታሰብለታል።

ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። አንደኛው «የምሠራ ስለሆነ አይገባኝም» የሚለው ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሠራተኛም ማመልከት ይችላል። ሁለተኛው፣ ይበልጥ የሚጎዳው፣ «ዩኒቨርሳል ክሬዲት ውስጥ ተካትቷል» የሚለው ነው። የኪራይ ድርሻ ይካተታል፤ ካውንስል ታክስ አይካተትም። ለብቻው ነው የሚጠየቀው።

ብቻውን የሚኖር ሰው የካውንስል ታክስ ቅናሽ አለው ይባላል። ልጄ 18 ዓመት ሲሞላው ግን ተነሣብኝ። ትክክል ነው?

አንድ አዋቂ ብቻ የሚኖርበት ቤት 25 በመቶ ይቀነስለታል፤ ገቢ አይጠየቅም። ዓመታዊ ሒሳቡ 1,800 ፓውንድ ለሆነበት ቤት ይህ 450 ፓውንድ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ይዘው መጡ። የበኩር ልጃቸው 18 ዓመት ሞልቶት ካውንስሉ ቅናሹን አንሥቷል፤ እሳቸውም ሙሉውን ለ7 ወር ከፍለዋል። ልጅዎ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ይሠራል፣ ዩኒቨርሲቲ ነው» አሉኝ። የሙሉ ጊዜ ተማሪ በካውንስል ታክስ ሕግ እንደሌለ ይቆጠራል። ቅናሹም መነሣት አልነበረበትም። ከዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ አስመጡና ላክንላቸው፤ ካውንስሉ የ7 ወሩን ትርፍ ክፍያ በቀጣዩ ሒሳባቸው ላይ አካካሰላቸው።

እንደ ተማሪው የማይቆጠሩ ሌሎችም አሉ። ከባድ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውና ለዚህ የሐኪም ማረጋገጫ ያገኙ ሰዎች (የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመደባሉ)፣ አንዳንድ አስታማሚዎችና ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸው የሙያ ተለማማጆች ይገኙበታል። አካል ጉዳተኛ በሚኖርበት ቤት ለጉዳቱ ሲባል ተጨማሪ ክፍል ወይም መታጠቢያ ቤት ካለ፣ ወይም ቤት ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስበት ቦታ ከተለቀቀ፣ ሒሳቡ በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል።

ደረጃ ምንድን ነው?

ቤቶች ከኤ እስከ ኤች በ8 ደረጃ ተመድበዋል። የተመደቡት ግን ዛሬ በሚያወጡት ዋጋ አይደለም፤ በኤፕሪል 1 ቀን 1991 ያወጡ ነበር ተብሎ በተገመተው ዋጋ ነው። ያኔ ገና ያልተሠራ ቤት እንኳ «ያኔ ቢኖር ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር?» ተብሎ ይገመታል። እንግዳ ነገር ነው፤ ግን ሕጉ ይኸው ነው። ደረጃው ትክክል አይደለም ብለው ካሰቡ የሚከራከሩት ከካውንስሉ ጋር ሳይሆን የቤት ግምት ከሚያወጣው የማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ነው። ሲከራከሩ ደረጃው ሊጨምርም እንደሚችል ይወቁ።

የመብራት ቆጣሪው ሊቋረጥ ነው፣ ቤት ውስጥም የሚበላ የለም። ዛሬ ማን ይደርስልኛል?

እዚህ ላይ ስሙ ስለሚለዋወጥ ሰው ግራ ይጋባል። እስከ 2013 ድረስ የአደጋ ጊዜ ብድርና ድጎማ የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት ነበር። ያ ሲቀር ሸክሙ ወደ ካውንስሎች ወረደ። ከኦክቶበር 2021 እስከ ማርች 2026 «ሀውስሆልድ ሰፖርት ፈንድ» የሚባል ገንዘብ በየጊዜው እየታደሰ ይሰጥ ነበር። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ቦታውን «ክራይሲስ ኤንድ ሪዚሊየንስ ፈንድ» ወስዷል፤ ለ3 ዓመት የታቀደ ነው። ካውንስልዎ በራሱ ስም ሊጠራው ስለሚችል ስሙን ለማስታወስ አይጨነቁ። ስልክ ደውለው «የአስቸኳይ ጊዜ የገንዘብ ድጋፍ» ይበሉ።

የሚሰጠው ለምግብ፣ ለመብራትና ለጋዝ፣ አንዳንዴም ለአልጋ፣ ለማቀዝቀዣ ወይም ለልብስ ማጠቢያ ነው። ብድር ካልሆነ በቀር አይመለስም።

ቅጹ ላይ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ቦታ አለ። «ችግርዎን ይግለጹ» ይላል። እኛ «በጣም ተቸግሬያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ» ብለን እንጽፋለን። ቅጹን የሚያነበው ሰው ቤትዎን አላየም፤ ሊፈርድ የሚችለው በቀንና በቁጥር ነው። ይህን ከመሰለ ጽሑፍ ጋር ያወዳድሩት፦ «ባለፈው ሐሙስ የልብስ ማጠቢያው ተበላሸ። የ2 ዓመት ሕፃን አለኝ። ባንክ ያለኝ 14 ፓውንድ ነው። ቀጣዩ ክፍያ የሚገባልኝ በ23 ነው። ቆጣሪው ላይ የቀረው 3 ፓውንድ ነው።» ልመና የለበትም፤ መልስ የሚያገኘው ግን ይኸኛው ነው።

የስልክ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። አንዲት እኅታችን ስልክ ላይ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ስትባል እንደ ወጋችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። አስተርጓሚውም ቃል በቃል አስተላለፈው። ሠራተኛዋ የጻፈችው ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምቱት። ምስጋናውን ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ያቆዩትና፣ በስልኩ ላይ ያለውን እንዳለ ይናገሩ።

ኪራይ ከደመወዜ በላይ ሆኗል። ካውንስሉ ይከፍልልኛል?

ሙሉውን አይከፍልም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም የቤት ድጎማ እያገኙ ኪራዩን የማይሸፍንልዎ ከሆነ ግን ጉድለቱን ለተወሰነ ጊዜ ሊሞላልዎ ይችላል። አዲስ ቤት ሲከራዩ ለማስያዣ የሚሆን ገንዘብም ሊሰጥ ይችላል። ይህ ለብዙ ዓመታት «ዲስክሬሽነሪ ሀውሲንግ ፔይመንት» ሲባል የቆየው ነው፤ አሁን ከላይ ከጠቀስኩት ፈንድ ጋር ተቀላቅሏል። መብት አይደለም፣ ካውንስሉ አይቶ የሚወስነው ነው። ገቢና ወጪዎን በዝርዝር ይጠይቃል። ወደ አገር ቤት በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ እዚያ ዝርዝር ላይ ሲታይ ጥያቄ ሊያስነሣ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ፤ አይደብቁት፣ ለማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ያስረዱ።

ቤቱን ሊያጡ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ የመሆን ሥጋት ያለበትን ሰው ካውንስሉ ከወዲሁ የመርዳት ግዴታ አለበት። ሻንጣ ይዘው በራፉ ላይ እስኪቆሙ አይጠብቁ። ማስለቀቂያው በእጅዎ በገባ ቀን ይሂዱ።

ልጆቼ ትምህርት ቤት ምሳ በነጻ ያገኛሉ?

ከመግቢያ ክፍል እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ሁሉም ልጆች ያገኛሉ። ለንደን ውስጥ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ ሁሉም ተማሪዎች ያገኛሉ። ከዚያ በላይ ያሉት በቤተሰቡ ገቢ የሚወሰን ነበር፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ያለ ቤተሰብ ከሥራ የሚያገኘው ከታክስ በኋላ በዓመት ከ7,400 ፓውንድ ካለፈ ልጆቹ ይቀሩ ነበር። ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ ይህ ገደብ ተነሥቶ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚያገኝ ቤተሰብ ልጆች በሙሉ እንዲያገኙ ተወስኗል። ከዚህ በፊት ተከልክለው ከሆነ እንደገና ያመልክቱ።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ ደግሞ በፋሲካ፣ በክረምትና በገና ካውንስሎች ምግብ ያለበት የጨዋታና የስፖርት ፕሮግራም ያዘጋጃሉ፤ የነጻ ምሳ ተጠቃሚ ለሆኑ ልጆች ክፍያ የለውም። «ሃፍ» (HAF፣ የፕሮግራሙ አጭር ስም) ብለው ይጠይቁ። ቦታው ቶሎ ይሞላል።

የካውንስል ታክስ ውዝፍ ዕዳ አለብኝ፤ ደብዳቤውን ለመክፈት ፈራሁ።

የሚያስፈራው ያልተከፈተው ነው። በ1992ቱ የማስፈጸሚያ ደንብ መሠረት አንድ ክፍያ ሲያልፍዎ ካውንስሉ ማስታወሻ ይልካል፤ 7 ቀን አለዎት። ካልከፈሉ ሌላ 7 ቀን ቆይቶ የዓመቱ ቀሪ ሒሳብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። የ150 ፓውንድ ጉዳይ የ1,500 ፓውንድ ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከዚያ ወደ ማጂስትሬት ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመርበታል፣ ቀጥሎ ዕዳ አስፈጻሚው፣ ቤይሊፍ የሚባለው፣ ይመጣል። እሱም የራሱ ክፍያ አለው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስታወሻው ላይ ነው መደወል። ብዙ ሰው ሒሳቡን ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ በ10 ወር ይከፍላል፤ በ12 ወር ይከፋፈልልኝ ብሎ መጠየቅ ግን መብት ነው። የወሩ ክፍያ ያንሳል። በጣም ለተቸገረ ሰው ካውንስሉ በራሱ ፈቃድ ዕዳውን የመቀነስ፣ አልፎ ተርፎም የመሰረዝ ሥልጣን በ1992ቱ ሕግ ተሰጥቶታል፤ ይህን ራሱ አይነግርዎትም፣ «የችግር ጊዜ ቅነሳ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚህ ሌላ ከሜይ 2021 ጀምሮ «ብሪዚንግ ስፔስ» የሚባል አሠራር አለ፤ በዕዳ አማካሪ በኩል ሲያመለክቱ አስፈጻሚዎችና ተጨማሪ ክፍያዎች ለ60 ቀን ይታገዳሉ።

ቤይሊፍ በር ላይ ከደረሰ፦ ለካውንስል ታክስ ዕዳ በመጀመሪያ ጉብኝቱ በኃይል መግባት አይችልም። የሚመጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት (በእንግሊዝ ሰዓት ከ6 am እስከ 9 pm) ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በሩን ሳይከፍቱ ያነጋግሩት። ተከፍቶ በተተወ በር ግን መግባት ይችላል፤ ልጆቹን ይህን ያስጠንቅቋቸው።

መኖሪያ ፈቃዴ ላይ የሕዝብ ገንዘብ አይገባውም ተብሎ ተጽፏል። ለእኔ ምንም የለም?

ጥቂት ነገር አለ፤ ግን በጥንቃቄ ነው። የካውንስል ታክስ ቅነሳ በኢሚግሬሽን ደንብ «የሕዝብ ገንዘብ» ስለሚባል እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ያለው ሰው ቢያመለክት ፈቃዱን ሊጎዳ ይችላል። ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚሰጠው የ25 በመቶ ቅናሽ ግን ከዚያ አይቆጠርም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ልጆችም የትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ማመልከት ይችላሉ። ልጅ ያለው ቤተሰብ መጠለያና ምግብ ካጣ በ1989ኙ የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 17 መሠረት የካውንስሉ የሕፃናት ክፍል ጉዳዩን መመርመር አለበት፤ ይህ የወላጅን የፈቃድ ዓይነት ተከትሎ የሚዘጋ በር አይደለም። ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ያነጋግር። ደንቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የጓደኛን ወሬ አይመኑ፤ እኔንም ጨምሮ።

ጓደኛዬ በሌላ ካውንስል 200 ፓውንድ አገኘች፤ የእኔ ግን ከለከለኝ። ለምን?

የካውንስሎቹ ጓዳ እኩል ስላልሆነ ነው። በእንግሊዝ ከ300 በላይ ካውንስሎች አሉ። አንዳንዶቹ ራሳቸው ተቸግረዋል፤ በርሚንግሃምና ኖቲንግሃም በ2023 ወጪያቸውን በገቢያቸው መሸፈን እንዳልቻሉ በይፋ አስታውቀዋል። ፈንዱ በወር ወይም በሩብ ዓመት ተከፍሎ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ በወሩ መጨረሻ የሚያመለክት ሰው ባዶ ካዝና ያገኛል። ሲደውሉ «ቀጣዩ ዙር መቼ ይከፈታል?» ብለው ይጠይቁ።

ከለከሉኝ። እዚያው ላይ ያበቃል?

አያበቃም። የአስቸኳይ ድጋፍ ከሆነ ሌላ ሠራተኛ እንዲያየው በጽሑፍ ይጠይቁ። የካውንስል ታክስ ቅነሳ ከሆነ መጀመሪያ ለካውንስሉ ይጻፉ፤ በ2 ወር ውስጥ ካልመለሱ ወይም መልሱ ካላረካዎት ቫሉዌሽን ትሪቢዩናል ወደሚባለው ገለልተኛ ዳኝነት ይግባኝ ይላሉ፤ ክፍያ የለውም። በአሠራሩ የተበደሉ እንደሆነ የካውንስሉን የቅሬታ ሂደት ጨርሰው ወደ ካውንስሎች እንባ ጠባቂ መሄድ ይችላሉ። ይህም በነጻ ነው። የአካባቢዎን የካውንስል ተመራጭ አይርሱ፤ አንድ ኢሜይል ሦስት ወር የቆየ ፋይል ሲያንቀሳቅስ በዓይኔ አይቻለሁ።

መጠየቁ ያሳፍረኛል።

ደጅ መጥናት ይመስላል፤ አውቃለሁ። ግን እዚህ ጌታ የለም፣ ቅጽ ነው ያለው። ታክሱን ሲከፍሉ የኖሩትም እርስዎ ነዎት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት አባቶቻችን ቤተ መንግሥቱን ያውቁት ነበር።

ስኮትላንድ ወይም ዌልስ ብኖርስ?

ስኮትላንድ ውስጥ በካውንስሎች በኩል የሚሰጥ «ስኮቲሽ ዌልፌር ፈንድ» አለ። ዌልስ ደግሞ በመንግሥቷ በኩል የራሷ የድጋፍ ፈንድ አላት፤ በካውንስል ታክስ ዕዳ መታሰርንም በ2019 አስቀርታለች። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ካውንስል ታክስ ራሱ የለም፤ «ሬትስ» የሚባል ሌላ ግብር ነው።

ለእርዳታ ስመጣ ምን ልያዝ?

መታወቂያ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ማረጋገጫ፣ የ2 ወር የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የዘንድሮ የካውንስል ታክስ ሒሳብ። ሒሳቡ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር ካልነገሩ ስልክ ላይ ማንም አያነጋግርዎትም። እንግሊዝኛ ካስቸገረዎት ካውንስሉን አስተርጓሚ ይጠይቁ እንጂ የ10 ዓመት ልጅዎን የዕዳ ደብዳቤ አያስተርጉሙት። ደግሞም ያልተከፈቱትን ፖስታዎች በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ፤ በቀን ቅደም ተከተል እናስቀምጣቸውና አንድ በአንድ አብረን እንከፍታቸዋለን።